የንፋስ አሞርዛተርና የአሮጌ ቱሪንግ ሞተር ብስክሌት ዋጋ

በአሜሪካ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ገበያ ለረዥም ጉዞ የተሠሩት ትላልቆቹ፣ ማለትም የሆንዳ ጎልድ ዊንግና የሃርሊ ዴቪድሰን ኤሌክትራ ግላይድ ዓይነቶቹ፣ የራሳቸው ገዥ፣ የራሳቸው ነጋዴና የራሳቸው ደላላ አላቸው። ገዥው ቀለሙን ያያል፤ የተጓዘውን ርቀት ይጠይቃል፤ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጎማውን በጥፍሩ ይነካካል። ብዙውን ጊዜ ሳያየው የሚያልፈው በኋለኛው እግር አካባቢ የተሸሸገችውን ትንሽ ቫልቭ ነው። በዚያች ቫልቭ የሚገባው ንፋስ ዋጋ የለውም። ሊደብቀው የሚችለው ጉዳት ግን በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚተመን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላ አሞርዛተሩ ንፋስ የሚያፈስስበት ሻጭ ገዥው ከመምጣቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ንፋስ ይሞላል። ሞተር ብስክሌቱ ጀርባውን ቀና አድርጎ ይቆማል፤ ለአሥር ደቂቃ ሙከራ ሠፈር ውስጥ ሲነዳም እንከን አይታይበትም። ገዥው ከፍሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በማግሥቱ ጠዋት ጀርባው ወርዶ፣ ተንበርክኮ ያገኘዋል። በአሜሪካ ከግለሰብ ወደ ግለሰብ የሚደረግ ሽያጭ በአብዛኛው “ባለበት ሁኔታ” የሚፈጸም በመሆኑ የባለቤትነት ወረቀቱ ከተላለፈ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር እምብዛም የለም።

ተቃራኒውም ይከሰታል። ሻጩ ለአንድ ዓመት ያህል ንፋሱን ሳያይ ጋራዥ ውስጥ ያቆመውን ሞተር ብስክሌት ወርዶ እንዳለ ለገበያ ያቀርበዋል። ደላላው አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያይና “አሞርዛተሩ አልቋል” ይላል፤ ከዋጋውም ደህና ገንዘብ ያስቀንሳል። ምናልባት የጎደለው ንፋስ ብቻ ነበር። ወይም ደግሞ ከቱቦው መጋጠሚያ ላይ ያለች አንዲት የጎማ ቀለበት ናት የደረቀችው። በሁለቱም በኩል የሚያተርፈው ግፊቱን ማስተካከል የሚያውቅ ሰው ነው፤ ማስተካከል የሚያውቅ ሰው ማንበብም ያውቃልና።

ንፋስ ለምን አስፈለገ?

መልሱ ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያ ላይ የዋለውና እስከ 2000 ሞዴል ድረስ የተመረተው ጎልድ ዊንግ ጂ.ኤል. 1500 ባለስድስት ሲሊንደር፣ 1,520 ሲ.ሲ. ሞተር ያለው ሲሆን ክብደቱ ያለ ነዳጅ ወደ 360 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ነጂው ብቻውን ሲሆን 75 ኪሎ ይጨምርበታል እንበል። ቅዳሜና እሑድ ባለቤቱን ከኋላ አስቀምጦ፣ የጎን ሻንጣዎቹንና የኋላ ሣጥኑን ሞልቶ ሲወጣ ሌላ 90 ኪሎ ይጨመራል። ይህ የሞተር ብስክሌቱን ክብደት አንድ አራተኛ ያህላል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ለኋለኛው እግር የቀረበ ስለሆነ፣ ሣጥኑም ከዚያ ወደ ኋላ ስለሚወጣ፣ ጭማሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያርፈው በኋለኛው ጎማ ላይ ነው። አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን የቤት መኪና 90 ኪሎ ሲጨመርባት ብዙም አይሰማትም፤ ባለሁለት እግሩ ግን በግልጽ ይሰማዋል።

ለአንድ ሰው የተመረጠ የብረት ሞላ ለሁለት ሰው ይላላል። ለሁለት ሰው የተመረጠውም ብቻውን የሚሄደውን ነጂ ወገብ ይቀጠቅጣል። አምራቾቹ መካከለኛ መንገድ ብለው ያገኙት ለስለስ ያለ ሞላ አድርጎ ቀሪውን በንፋስ ማገዝ ነበር።

የመጀመሪያው ጎልድ ዊንግ፣ ጂ.ኤል. 1000፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በጀርመን ኮሎኝ ከተማ በተደረገው የሞተር ብስክሌት ትርኢት ሲቀርብ የንፋስ መከላከያም ሆነ ሻንጣ አልነበረውም። ባለቤቶቹ ናቸው የክሬግ ቬተርን “ዊንድጃመር” የተባለ መከላከያና ከየቦታው የገዙትን ሻንጣ ያሰሩበት። ሞላዎቹ ያን ሁሉ ዕቃ ታስበው አልተሠሩም ነበር። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1980 ሞዴሉ፣ በጂ.ኤል. 1100፣ ከፊትም ከኋላም ንፋስ የሚሞላ አሞርዛተር አደረገለት፤ “ኢንተርስቴት” የተባለው ዓይነትም መከላከያውና ሻንጣዎቹ ከፋብሪካ ተገጥመውለት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ “አስፐንኬድ” የተባለው የራሱ ትንሽ ኮምፕሬሰር ተገጠመለትና ነጂው አዝራር በመጫን ብቻ ጀርባውን ከፍና ዝቅ ማድረግ ቻለ። በዘመኑ ይህ ትልቅ ቅንጦት ነበር።

ሃርሊም ለቱሪንግ ዓይነቶቹ የኋላ ንፋስ አሞርዛተር ለብዙ ዓመታት ተጠቅሟል። በአንዳንድ የቀድሞ ሃርሊዎች ላይ የፊት ሹካው ንፋስ ማጠራቀሚያ ሆኖ ያገለግል የነበረው ከሞተሩ ፊት ያለው የመከላከያ ብረት ራሱ ነው፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ንፋስ ይይዛል። ያንን ብረት አውልቆ በሌላ በሚያብለጨልጭ ጌጠኛ ብረት የለወጠ ባለቤት ሳያውቀው የንፋስ ማጠራቀሚያውን ጣለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ብስክሌት ሲገኝ የፊቱ ንፋስ ሥርዓት ነገር በጥንቃቄ መጠየቅ አለበት።

ንፋሱ የሚሠራውና የማይሠራው

በአሞርዛተሩ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሞላ፣ ዘይትና ንፋስ። ሞላውና ንፋሱ ክብደት ይሸከማሉ። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ንዝረቱን ያበርዳል። ገዥው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ከሆነ ይህን ይያዝ፦ ንፋስ የሞላን ድካም ሊሸፍን ይችላል፤ የዘይትን ሥራ ግን ፈጽሞ አይተካም። ዘይቱ ያለቀበት አሞርዛተር በንፋስ ሲወጠር ጀርባውን ቀና ያደርጋል እንጂ ነጠራውን አያቆምም፤ እንዲያውም ያብሰዋል።

ንፋስ ከብረት ሞላ የሚለይበት ሌላም ጠባይ አለው። ሲታመቅ በፍጥነት ይጠነክራል። ለምሳሌ በመለኪያው 30 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያሳይ ንፋስ ከከባቢው አየር ግፊት ጋር ሲደመር በባሕር ወለል ላይ 44.7 ገደማ ነው። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣና የንፋሱ ክፍል ወደ ሦስት አራተኛው ሲጠብ ግፊቱ ወደ 59.6 ያድጋል፤ መለኪያው ላይ ቢታይ 45 መሆኑ ነው። ክፍሉ በአንድ አራተኛ ጠብቦ ግፊቱ በመለኪያው ላይ በግማሽ አደገ ማለት ነው። በትንሽ ጉብታ የሚለሰልሰው፣ በትልቅ ጉድጓድ ደግሞ መሬት ሳይመታ የሚመክተው በዚህ ምክንያት ነው።

ግፊቱን የማስተካከል ሥራ

የጂ.ኤል. 1500 የኋላ ንፋስ ወሰን ከ0 እስከ 57 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን ይህ በጃፓኖቹ አጻጻፍ ከ0 እስከ 4 ኪሎ ግራም በካሬ ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። መለኪያው በየትኛው እንደሚናገር ሳያዩ ቁጥር መቀበል አያስፈልግም፤ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። የሃርሊ ወሰን ከዚህ ዝቅ ይላል፤ እንደ ዓመተ ምርቱም ይለያያል። የባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ከሞተር ብስክሌቱ ጋር ከሌለ እሱን ማግኘት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

መለካት ያለበት ሞተሩ ሳይነዳ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ላይ ነው። አቋቋሙም ሁልጊዜ አንድ ዓይነትና መጽሐፉ ያዘዘው መሆን ይኖርበታል። በመሐል መቆሚያው ቆሞ የኋላ እግሩ ሲንጠለጠል የሚገኘው ቁጥርና ሁለት ሰው ሲቀመጥበት የሚገኘው ቁጥር ፍጹም የተለያዩ ናቸው።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በመሙያው ምርጫ ነው። በነዳጅ ማደያ ያለው ኮምፕሬሰር ለመኪና ጎማ የተዘጋጀ ነው። ጎማ በርካታ ሊትር አየር ይይዛል፤ የአሞርዛተሩ ክፍል ግን በስኒ የሚለካ ነው። ጎሚስታው ጎማ ላይ እንደሚያደርገው ቱቦውን ሰክቶ “ትንሽ” ልስጠው ቢል ግፊቱ በአንድ አፍታ ከወሰኑ አልፎ ፓራኦሊዮውን ሊበጥሰው ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትንሽ የእጅ ፓምፕ ነው፤ መለኪያው አብሮት ያለና ሲነቀል ንፋስ የማያስወጣ። ዋጋው ከአንድ አሞርዛተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ተራው የጎማ መለኪያም ለዚህ አይመችም። ክፍሉ ትንሽ በመሆኑ መለኪያው በተሰካ ቁጥር ጥቂት ፒ.ኤስ.አይ. ይዞ ይወጣል። በየቀኑ እየለካ “ያፈስሳል” የሚል ባለቤት አንዳንዴ አፍሳሹ ራሱ ነው።

ስንት ይሞላ የሚለውን የሚወስነው የሰውና የዕቃ ክብደት ነው። ለዚህ ሜትር ብቻ ይበቃል። ሞተር ብስክሌቱ በመሐል መቆሚያው ቆሞ የኋላ እግሩ ከመሬት ሲነሳ ከእግሩ አክሰል እስከ ሻንጣው ማሰሪያ ያለው ርቀት ይለካል፤ 50 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ቀጥሎ ከመቆሚያው ይወርዳል፤ ነጂውና ተሳፋሪው እንደሚጓዙበት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻንጣው ተሞልቶ ይቀመጡበታል፤ ሦስተኛ ሰው ያንኑ ርቀት ይለካል። 47 ከሆነ 3 ሳንቲ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። የጂ.ኤል. 1500 የኋላ እግር ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀሰው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከዚያ ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን በጭነት ብቻ መውረዱ ጤናማ ነው። 5 ከወረደ ንፋስ ይጨመራል፤ 1 ብቻ ከወረደ ይቀነሳል። በእያንዳንዱ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ. እየለወጡ፣ ጀርባውን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየነቀነቁ እንደገና መለካት ነው። በመጨረሻ የሚገኙት ሁለት ቁጥሮች፣ የብቻና የሁለት ሰው፣ በወረቀት ተጽፈው ሻንጣው ውስጥ ቢቀመጡ ሥራው ለዓመታት አለቀ።

ንፋስ ሲቀነስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከቫልቩ የሚወጣው አየር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከእርጥበትና ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣ ጭጋግም ይኖራል። የሃርሊ መመሪያ መጽሐፍ ይህ ቅልቅል ጎማው፣ እግሩና የፍሬኑ ክፍሎች ላይ እንዳያርፍ ያስጠነቅቃል። በፍሬን ዲስክ ላይ ያረፈ ዘይት በመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ዋጋውን ያስከፍላል። ቫልቩ ላይ ጨርቅ ይዞ ቀስ እያሉ ማስወጣት፣ ከዚያም ዲስኩን መመልከት ይበቃል።

ሲያንስና ሲበዛ

ያነሰ ንፋስ ይዞ ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ብስክሌት ጀርባው ወርዶ አፍንጫው ቀና ይላል። የፊት መብራቱ ከመንገዱ ይልቅ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። መሪው ይቀልላል፤ በፍጥነት ሲሄድ አቅጣጫው እርግጠኛ አይሆንም። በመጠምዘዣ ላይ የእግር ማሳረፊያውና የጭስ ቱቦው ቀድመው አስፋልት ይነካሉ። ሰው እምብዛም የማያስበው ደግሞ የጎን መቆሚያው ነው። የመቆሚያው ርዝመት አይለወጥም፤ ጀርባው ሲወርድ ሞተር ብስክሌቱ ከተለመደው ይልቅ ቀጥ ብሎ ይቆማልና ትንሽ ሲነካ ወደ ሌላው ጎን ሊወድቅ ይችላል። 360 ኪሎ የሚመዝን ነገር ሲወድቅ ከሥሩ ያለው መከላከያ፣ መስተዋትና ሻንጣ ነው።

ንፋሱ ሲበዛ ደግሞ ጀርባው ይጠነክራል፤ በተቆራረጠ መንገድ ላይ የኋላ ጎማው እየዘለለ መሬት መያዙን ይቀንሳል፤ ፍሬን ሲያዝም ቶሎ ይንሸራተታል። ተሳፋሪው ከሁሉ በፊት ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ንፋስ ከጨመርኩ ጭነት መጨመር እችላለሁ የሚለው አስተሳሰብ ነው። የጭነት ወሰኑ የተወሰነው በአሞርዛተሩ ብቻ አይደለም፤ በጎማው፣ በቸርኬው፣ በፍሬኑና በሻሲው ጭምር ነው። እነዚህ በንፋሱ መጨመር ቅንጣት ታህል አይጠነክሩም። ጀርባውን ቀና አድርጎ ከመጠን በላይ የጫነ ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር የመጫኑን ምልክት ከዓይን መሰወሩ ነው።

ሙቀትና ከፍታም ቁጥሩን ይነካሉ። በ20 ዲግሪ ሙቀት 30 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረ ንፋስ በ40 ዲግሪ ወደ 33 ይጠጋል። ከካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ዴንቨር የደረሰ መንገደኛም፣ ከተማዋ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብትልም ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ ናትና፣ የከባቢው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ላይ ከ2 ፒ.ኤስ.አይ. የበለጠ ጭማሪ ያያል። ይህ ለነጂው ብዙም አያሳስብም። ለገዥው ግን ጠቃሚነት አለው፦ ማታና ጠዋት በሚወሰድ ንባብ መካከል የሚታይ የአንድና የሁለት ፒ.ኤስ.አይ. ልዩነት የፍሳሽ ማስረጃ አይደለም።

ገዥው እንዴት ይመርምር?

ቀጠሮ ሲይዝ ሻጩን ንፋሱን እንዳይነካው መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ሞተሩንም ቀድሞ እንዳያሞቀው። ገዥው የራሱን ፓምፕ ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ በፊት ግን ከጀርባው ላይ በሁለት እጁ በኃይል ተጭኖ ይለቅቃል። ጀርባው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከረጋ ዘይቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚነጥር ከሆነ የዘይቱ ሥራ ተበላሽቷል፤ ይህን በንፋስ መደበቅ አይቻልም። ለዚህ ምርመራ መሣሪያም አያስፈልግ።

ቀጥሎ ግፊቱ ይነበባል። ባለቤቱ ብቻውን የሚነዳ ሆኖ ቁጥሩ ከወሰኑ ጫፍ አጠገብ ከተገኘ ለምን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሞላው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ለገበያ ተወጥሮም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ በመካከለኛ ግፊት ተሞልቶ ያድራል። ሻጩ ለማሳደር ፈቃደኛ ካልሆነ ያ ራሱ መረጃ ነው። አንዳንድ ገዥዎች ቀብድ ሰጥተው የማታውን ንባብ በደረሰኙ ላይ ያስጽፋሉ፤ ጠዋት ግማሹ ወርዶ ከተገኘ ዋጋው እንደገና ይነገራል።

ፍሳሽ እንዳለ ሲታወቅ ቦታውን መለየት ያስፈልጋል፤ የዋጋው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎሚስታ እንደሚያደርገው ሁሉ በሳሙና ውኃ ቱቦውንና መጋጠሚያዎቹን መቀባት ነው። አረፋው ከመጋጠሚያ ላይ ከወጣ ጉዳዩ የጎማ ቀለበት ነው፤ ዕቃው በሳንቲም፣ ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ። ቫልቩ ራሱ ከሆነ ውስጡ እንደ ጎማ ቫልቭ ይለወጣል። የአሞርዛተሩ ዘንግ በዘይት የረጠበ ከሆነ ግን ፓራኦሊዮው ሄዷል፤ አሞርዛተሩ ወጥቶ መታደስ ወይም መለወጥ አለበት፤ ይህ ነው የመቶዎች ዶላር ሥራ።

በጂ.ኤል. 1500 ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ከሁለቱ የኋላ አሞርዛተሮች ንፋስ የሚይዘው የቀኙ ብቻ ነው፤ የግራው ንፋስ የለውም። “በግራው በኩል ቫልቭ የለም፣ ተበላሽቷል” የሚል ደላላ ሞዴሉን አያውቀውም፤ ወይም ሻጩ እንደማያውቀው ተስፋ አድርጓል። ኮምፕሬሰሩም እንደዚሁ ነው። በአስፐንኬድና በኤስ.ኢ. ዓይነቶች ላይ ሲኖር በኢንተርስቴቱ ላይ የለም፤ ስለሆነም ኮምፕሬሰር አለመኖሩ በራሱ ጉድለት ሆኖ ከዋጋ ሊቀነስበት አይገባም። ኮምፕሬሰር ባለው ላይ አዝራሩ ሲነካ ድምፁ እየተሰማ ቁጥሩ ካልጨመረ ችግሩ ከኮምፕሬሰሩ እስከ አሞርዛተሩ ባለው መሥመር ውስጥ ነው። ቁጥሩ ከጨመረ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ከወረደ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው፤ ፍሳሹ ሌላ ቦታ ነው።

ይህ በቁጥር ሲተረጎም ለምሳሌ ያህል እንዲህ ነው። ሻጩ 4,000 ዶላር ጠይቋል። ጀርባው ወርዷል። ገዥው ሳይመረምር “አሞርዛተር፣ ኮምፕሬሰር፣ ምናልባትም ሌላ” ብሎ 2,800 ቢያቀርብ ሻጩ ተቆጥቶ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ወይም የቸገረው ከሆነ ይቀበልና 1,200 ይከስራል። መርምሮ የቀኙ አሞርዛተር ዘንግ እንደረጠበ ካገኘና የዕቃውንና የእጅ ሥራውን ዋጋ ከጋራዥ ጠይቆ 600 ነው ከተባለ 3,400 ማቅረብ ይችላል፤ ምክንያቱም በእጁ ነው። ሳሙናው አረፋ ያወጣው ከመጋጠሚያው ላይ ከሆነ ደግሞ ብልህ ሻጭ ገዥ ሳይጠራ በፊት ቀለበቱን ለውጦ ሙሉ ዋጋውን ይጠይቃል። ሦስቱም ገዥዎች ያዩት አንድ ዓይነት የወረደ ጀርባ ነው።

ሙከራው ሁለት ሰው ሆኖ ቢደረግም ይመረጣል። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ንፋስ የሌለው ጎልድ ዊንግ እንኳ ለስላሳ መስሎ ይሰማዋል፤ ወሰኑም ከ0 የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለቱ የሚገለጠው ተሳፋሪ ሲወጣ ነው።

የንፋሱ ዘመን ሲያበቃ

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ጂ.ኤል. 1800ን ሲያወጣ የኋላውን ንፋስ ተወው። በምትኩ የሞላውን ውጥረት የሚያጠብቅና የሚያላላ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ገባ፤ ሁለት መጠኖችንም በማስታወሻ ይይዛል። ሃርሊም በ2017 የቱሪንግ ሞዴሎቹ ላይ ውጥረቱ በእጅ በሚዞር እጀታ የሚስተካከል አሞርዛተር አስገባ። ስለዚህ በዛሬው ገበያ ንፋስ የሚጠየቅባቸው ጎልድ ዊንጎች ከ1980 እስከ 2000 ያሉት ሲሆኑ በሃርሊ በኩል እስከ 2016 ያሉት ናቸው። የጂ.ኤል. 1800 ሻጭ “የንፋስ አሞርዛተር አለው” ብሎ ቢያስተዋውቅ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም።

እነዚህ ሞተር ብስክሌቶች እያረጁ ሲሄዱ ከፋብሪካ የወጣው አሞርዛተር በምትክ የተለወጠባቸው እየበዙ ነው። እንደ ፕሮግረሲቭ ሰስፔንሽን ያሉ የመለዋወጫ አምራቾች ለነዚህ ሞዴሎች ንፋስ የሚይዝ ምትክ ሠርተዋል። ንፋሱን ጨርሶ ትተው በጠንካራ ሞላ ብቻ የለወጡም ባለቤቶች አሉ። ለሞላ ብቻ የተለወጠው ሞተር ብስክሌት ለዋጋ ድርድር የተለየ አተያይ ይጠይቃል። አሮጌው ቫልቭና ቱቦ ሳይነቀል በቦታው ሊቀር ይችላል፤ ገዥው ፓምፑን ይሰካል፣ መለኪያው ዜሮ ያሳያል፣ ቢሞላም አይይዝም። ይህ ፍሳሽ አይደለም። የጎን ሻንጣውን አውልቆ ቱቦውን ከቫልቩ እስከ አሞርዛተሩ በእጅ መከተል ነው፤ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ከሻሲው ላይ በፕላስቲክ ታስሮ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ንፋስ ሳይሆን አዲሱ ሞላ ለስንት ኪሎ እንደተመረጠና ደረሰኙ እንዳለ ነው።